የእንግዳ እጅና የባለቤቱ ጎጆ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰጠ ንግግር)



ከባሕር ማዶ በራሱ ወጪ መጥቶ ለማያውቀው ቤተሰብ ቤት የሚሠራ ሰው በአማርኛ «በጎ ፈቃደኛ» ተብሏል። ስያሜው መልካም ነው፤ ሆኖም የፈቃዱ በጎነት ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ አያቆመውም። እንዲህ ያለው እንግዳ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ መጠለያ ለሚሻ ቤተሰብ ምን ሊጠቅም፣ በምንስ ሊጎዳ እንደሚችል መመርመር የሙያው ባለቤቶች ግዴታ ነው፤ ፕላኑን የሚፈርመው፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው፣ ጣሪያው ሲያፈስም የሚወቀሰው እንግዳው ሳይሆን እዚሁ የሚቀረው ባለሙያ ነውና።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስዊሳዊው ፒየር ሴሬሶል እ.ኤ.አ. በ1920 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በፈረንሳይ አገር፣ በቬርደን አጠገብ በምትገኝና በጦርነቱ በፈራረሰች ኤን በተባለች መንደር ሰፍሮ መጠለያ መሥራት ጀመረ። ከጓደኞቹ መካከል ትናንት ጠላት የነበሩ ጀርመናውያን ነበሩበት። ሥራው ከጥቂት ወራት በላይ አልዘለቀም፤ የጀርመኖቹ መኖር ባካባቢው ቅሬታ አሳድሮ ነበርና። እንግዲህ ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ገና ሲወለድ የገጠመው ችግር የድንጋይም የእንጨትም አልነበረም፤ የባለቤቱ ፈቃድ ነበር።

ይህን ነገር በሚገባ ያስተዋሉት አሜሪካዊው ሚላርድ ፉለርና ባለቤታቸው ሊንዳ ይመስላሉ። እነርሱ ከ1973 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በዛኢር፣ በምባንዳካ ከተማ ቤት ሲያሠሩ ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚያው በ1976 «ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ» የተባለውን ድርጅት በጆርጂያ መሠረቱ። ድርጅቱ በይበልጥ የታወቀው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1984 በኒው ዮርክ መዶሻ ጨብጠው ከሠራተኞቹ ጋር በተሰለፉ ጊዜ ነው፤ በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ከመዶሻውና ከፎቶግራፉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሕጉ ነው። ቤቱ ስጦታ አይደለም፤ ቤተሰቡ ያለ ወለድና ያለ ትርፍ ቀስ በቀስ የሚከፍለው ብድር ነው። ቤተሰቡ ከበጎ ፈቃደኛው ጎን ቆሞ ድንጋይ ያቀብላል፣ ጭቃ ያቦካል። ተበዳሪ ሰው ለማኝ አይባልም፤ ዕዳውን ሲጨርስ ማንንም ቀና ብሎ ያያል።

የስሜን፣ የዳባትና የወገራ ገበሬ ይህን ሕግ ከማንም አልተማረውም። ደቦ ብድር ነው። ጎጆ የሚያቆም ሰው እንጨቱንና ድንጋዩን አስቀድሞ ከደጁ ያከማቻል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ቤተሰቡም ጠላውን ይጠምቃል። በቀጠሮው ቀን ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። አንዱ ቋሚ ይተክላል፣ አንዱ ማገር ያስራል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፤ በሙያው የተመሰከረለት ክዳን ሠሪ ከላይ ሆኖ ሣሩን ይደረድራል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አይከፈልም፤ ግን ነፃም አይደለም። እያንዳንዱ የመጣ እጅ በባለቤቱ ዘንድ የተመዘገበ ዕዳ ነው፤ የማይጻፍ፣ ነገር ግን የማይረሳ መዝገብ። ነገ የዚያኛው አጥር ሲፈርስ ወይም እርሻው ሲዘገይ ይህኛው የመውጣት ግዴታ አለበት።

እንግዲህ በዚህ መዝገብ ውስጥ አሥራ አምስት እንግዶች ድንገት ቢገቡ ምን ይሆናል? እንግዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ ግድግዳውን አቁሞ ይሄዳል፤ ብድሩን የሚመልስለት የለም፤ ጎረቤቱም ስላልተጠራ ለዚያ ቤት ዕዳ የለበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሣሩ በስብሶ ክዳኑ መታደስ ሲኖርበት ባለቤቱ ማንን ይጥራ? ምርጊቱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ክዳኑ ይለወጣል፤ ምስጥ የበላው ቋሚ ይነቀላል። የደጋ ጎጆ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ዕድሜው የሚለካው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ባለው ብድር ነው። ስለዚህ እንግዳው ሊያደርስ የሚችለው ትልቁ ጉዳት ግድግዳውን አጣምሞ መሥራቱ አይደለም፤ የጠመመ ግድግዳ ይቃናል። ትልቁ ጉዳት ጎረቤቱን ከሥራው ማስወጣቱ ነው።

በዚህ ላይ ለአንድ ሰው የአውሮፕላን መሳፈሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የጎንደር ግንበኛ የብዙ ወር ደመወዝ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ይህ ሒሳብ ብቻውን ግን እንግዳውን ለመመለስ አይበቃም። ያየውን ለወገኖቹ የሚናገር፣ ተመልሶም ዓመት እስከ ዓመት መዋጮ የሚልክ ሰው ከቲኬቱ ዋጋ በላይ ሊያስገኝ ይችላል። ጥያቄው መጥቶ በማን ሥር እንደሚሠራ ነው።

ለዚህ ጎንደር ራሷ የቆየ ምስክር አላት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ አገር የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ማግኘቱን በጊዜው በአገሪቱ የነበሩ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ ግንቡን ማን ሠራው እየተባለ አያሌ ክርክር ተደርጓል፤ ክርክሩ ለታሪክ ሰዎች ይቆይ። ለግንበኛ የሚጠቅመው ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው፤ እንግዳው አለፈ፣ የኖራው ሙያ ግን ቀረ። ከፋሲለደስ እስከ በካፋ፣ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ድረስ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በኖራ ተገነባ፤ በዚህም የግንበኝነት ሥራ ቤተ እስራኤላውያን የእጅ ባለሙያዎች ስማቸው ሲነሣ ይኖራል። በመቶ ዓመት ውስጥ ስንት እንግዳ ድንጋይ አቀበለ ብሎ የሚቆጥር የለም።

በቅርቡም ዘመን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል። ከውጭ የመጡት መምህራን በየመንደሩ እየዞሩ ራሳቸው መጸዳጃ ሲቆፍሩ ቢውሉ ኖሮ ጥቂት መቶ ጉድጓድ ቀርቶ ነበር። እነርሱ ግን የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠለጠኑ፤ በጊዜውም ወንበሩን ለኢትዮጵያውያን ለቀቁ።

እጅ ስለበዛ ብቻ ቤት ቤት እንደማይሆን ደግሞ ይህች አገር ከማንም በላይ ታውቃለች። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ በመንደር ምሥረታ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ በተቀየሰ መስመር ላይ እንዲሠራ ተደረገ። በዘመቻ የተሠራው ቤት ብዛት ያስደንቅ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው እንጨቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ መሬቱ ተመለሰ። በሰሜን ጎንደርም በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ለፓርኩ ጠቀመ፤ በማግሥቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ስሜን አደጋ ከተጋረጠባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። ነገር ግን ከብትና ገብስ ይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይኖር የነበረ ቤተሰብ በከተማ ቦታ ላይ ጥጃውን የት ያስራል፣ ድርቆሹን የት ይከምራል? የቤት ፕላን የሚነሣው ከዚህ ነው።

የክዳንም ነገር እንዲሁ ነው። ከውጭ የሚመጣ ረጂ አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮን የዕድገት ምልክት አድርጎ ያያል፤ እውነቱን ለመናገር የአገሩ ሰውም እንዲሁ ያያል። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ዳሩ ግን በስሜን ውርጭ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ያስወጣል፤ ከሥሩ የሚሰበሰበው እንፋሎት በጧት በተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል፤ በረዶ ሲወርድም ጆሮ ያደነቁራል። ሣር ያሞቃል፤ ነገር ግን ጓሳና ሌላው የክዳን ሣር እንደ ቀድሞው በነፃ የሚታጨድ አይደለም፤ ስሜን በ1962 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ከታወጀ ወዲህ አጨዳው የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ቆርቆሮ ከለበሰ ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስ፣ በጭቃና በጭድም ቢሆን፣ ይግባለት። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በጀቱ በሚታየው ነገር ላይ ስለሚያልቅ ነው።

በከተማው ውስጥ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱ አያሌ ቤቶች በቀበሌ ሥር ቆይተዋል። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ የሚመሰገን ሥራ ይሠራሉ። ቤቱ የተከራይ ከሆነ ግን እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት የነዋሪዋ እናት በዚያው የመኖር መብት በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ያማረ ቤት ብዙ ፈላጊ አለውና።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም የውጭ ጎብኚ ጥቂት ሆኗል። መንገዱ ሲከፈት እንግዳው መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ቁጥጥሩን እንዲይዝ መጠየቁም አይቀርም። የሥራ ውሉ የአካባቢውን ዋና ግንበኛ በአለቃነት ያስቀምጥ፤ እንግዳው በእርሱ ሥር ጭቃ ረጋጭ፣ ድንጋይ አቀባይ ይሁን፤ ባለቤቱ ጎረቤቱን ሳይጠራ መሠረት አይቆፈር፤ ለጠላውና ለእንጀራው የሚሆን ገንዘብም እንደ ሲሚንቶው ሁሉ በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እርሱም ወሩ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪ የዕረፍት ጊዜ የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በጎንደር ደግሞ ዝናቡ የሚበረታው፣ መሠረት ውኃ የሚሞላው፣ ምርጊት የማይደርቀው በዚያን ጊዜ ነው። ገበሬው ጎጆ የሚያቆመው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት። ለእንግዳው የሚጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህን ቀን ይንገረው፤ በጥር መምጣት የማይችል ከሆነም የቲኬቱን ዋጋ ለክዳን ሠሪው ይላክ።