ለጀማሪ የሚሆነው የጎልፍ ኳስ
(በማኅበራችን የስፖርት ክፍል የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ክብደቱ ኀምሳ ግራም እንኳ ስለማይሞላ ኳስ፣ ልንናገር ተነሥተናል። ከመካከላችሁ «ይህን ያህል የሚያነጋግር ነገር ሞልቶ ሳለ ስለ ጎልፍ ኳስ መናገር ምን ይባላል? ጎልፍስ የባለጸጎች ጨዋታ አይደለምን?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ሸሽተን አናልፈውም፤ በንግግራችን መጨረሻ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን ይህን ብቻ እንበል፤ አንድ ጨዋታ የባለጸጋ የሚሆነው በተፈጥሮው ሳይሆን በመሣሪያው ዋጋ ነው። ከጎልፍም መሣሪያ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋውና የጀማሪን ኪስ የሚያራቁተው ኳሱ ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። ባለፈው ዓመት ይህን ጨዋታ ለመማር የተነሣን ስድስት ተማሪዎች ነበርን። አሮጌ ዱላዎች አንድ መምህራችን አዋሱን፤ ኳስ ግን ራሳችን መግዛት ነበረብን። የዓለም ሻምፒዮኖች በየትኛው ኳስ እንደሚጫወቱ ጠይቀን ተረዳንና ከየወር ወጪያችን ቀንሰን አዋጥተን፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ያንኑ ኳስ አንድ ደርዘን አስመጣን። ኳሶቹ ሲደርሱ ከሣጥናቸው አውጥተን እንደ ዕንቁላል በጥንቃቄ እየተቀባበልን አየናቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከዐሥራ ሁለቱ ሰባቱ ጠፉ። ሁለቱ ውኃ ገቡ፤ ሦስቱን ቁጥቋጦ ዋጣቸው፤ የቀሩት ሁለቱ የት እንደ ገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከተረፉትም አንዱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ልባሱ ተላጠ። ከጠፉት ውስጥ ሦስቱን የመታው ጓደኛችን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ብንጠይቀው «የእናንተን ገንዘብ ሣር ውስጥ ስበትን አልውልም» አለን። እኛም ውስጥ ውስጡን ሒሳብ ስንቆጥር ሰንብተን ነበርና «የለም፣ ና» ለማለት አፋችን አልደፈረም። ኳሱ የጠፋው በአንድ ቀን ነው፤ የጓደኛችን መቅረት ግን እስከ ዛሬ ይቈጨናል። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ከሁሉ በፊት ስለ እርሱ ነው።

በዚያው ሰሞን በሜዳው ዱላ በመሸከም ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ሽማግሌ ኳሳችንን ተቀብለው እያገላበጡ ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ኳሱን የት እንደሚያሳርፈው ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው፤ እናንተ ገና መምታታችሁን አላወቃችሁም» አሉን። «ታዲያ ጋሼ፣ ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው?» አልናቸው። «ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁ» ብለው መለሱልን። በጊዜው ቀልድ መስሎን ሳቅን። በኋላ ነገሩን በመጽሐፍም በሜዳም ስንመረምረው ግን የሽማግሌው ቃል ሙሉ ትምህርት ሆኖ አገኘነው።

እስቲ ወደ ጥንቱ መለስ ብለን የኳሱን ታሪክ እንይ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጎልፍ ዛሬ በያዘው መልክ ያደገው በስኮትላንድ ነው። በዚያ አገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የተሻለው ኳስ የላባ ኳስ ነበር፤ ይኸውም የተቀቀለ የወፍ ላባ በተሰፋ ርጥብ ቆዳ ውስጥ በኀይል ተጠቅጥቆ የሚሠራ ነው። ሲደርቅ ቆዳው ይኰማተራል፣ ላባው ይነፋል፣ ኳሱም ይጠነክራል። አንድ ባለሙያ በቀን የሚሠራው በጣም ጥቂት ስለ ነበር ዋጋው ውድ ነበር፤ ዝናብ ሲነካውም ይበሰብስና ይፈነዳል። ድኻ ሰው በዚህ ኳስ ሊጫወት የሚችለው ሌላው የጣለውን ሲያገኝ ነበር።

በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የማላያ ዛፍ ሙጫ የሚሠራ ኳስ ወጣ። ይህ ሙጫ በፈላ ውኃ ይለሰልሳል፤ በእጅ ድቡልቡል ይደረጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ቢሰነጠቅም እንደ ገና አለስልሶ ማበጀት ይቻላል። ዋጋውም ከላባው እጅግ ያነሰ ነበር። በሴንት አንድሩስ ከተማ የላባ ኳስ ሠሪ የነበረው ዝነኛው አለን ሮበርትሰን አዲሱን ኳስ አጥብቆ ተቃወመ። ረዳቱ ቶም ሞሪስ በአዲሱ ኳስ ሲጫወት ስላገኘውም ተጣልተው ተለያዩ። ነገር ግን የርካሹን ኳስ መስፋፋት ቍጣ አላገደውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የተጫዋቾቹ ቍጥር እየበዛ፣ ሜዳዎችም እየተከፈቱ ሄዱ። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶች፣ በተለይም የምድር ባቡር መስፋፋት ቢኖሩም፣ የኳሱ መርከስ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ልብ ይሏል! የመጀመሪያዎቹ የጉታ ፐርቻ ኳሶች ልሙጥ ነበሩ፤ አዲስ ሳሉም በደንብ አይበሩም ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ኳሱ በዱላ ተመትቶ ሲቈሳስል አበራረሩ እንደሚሻል አስተዋሉ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው በመዶሻ ይበሱት ጀመር። ዛሬ በኳሱ ላይ የምናያቸው ከሦስት መቶ እስከ አራት መቶ የሚሆኑ ስርጉዶች የመጡት ከዚህ ነው። ስርጉዶቹ በኳሱ ገጽ የሚያልፈውን አየር ስለሚያውኩት፣ አየሩ ከገጹ ሳይላቀቅ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ከኳሱ በስተኋላም የሚቀረው ጐታች ክፍተት ይጠባል። በዚህ ምክንያት ባለስርጉዱ ኳስ ከልሙጡ እጥፍ ያህል ሊርቅ ይችላል። የኳሱም ሽክርክሪት ወደ ላይ እንደሚያነሣው የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ፒተር ጉትሪ ቴት በ1890ዎቹ አስረድተዋል። ኤሌክትሮንን ያገኙት ጄ. ጄ. ቶምሰንም በ1910 በለንደን ስለዚሁ ኳስ አበራረር ንግግር አድርገዋል። እንግዲህ ሊቃውንት ያልናቁትን ነገር እኛም ብናነሣው ነውር አይሆንብንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በሕጉ መሠረት የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ወርዱም ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም። ውድም ሆነ ርካሽ፣ ለውድድር የተፈቀደ ኳስ ሁሉ ይህን ሕግ ያከብራል። ልዩነቱ ያለው በውስጡና በልባሱ ነው። ባጭሩ ሁለት ዓይነት ነው እንበል።

የመጀመሪያው ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ ውስጡ አንድ ወጥ የጎማ እምብርት፣ ላዩ ብዙውን ጊዜ አዮኖመር የሚባል ጠንካራ ልባስ ነው። ይህ ልባስ በቀላሉ አይላጥም፤ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች ያሉት፣ ዩሬቴን በሚባል ለስላሳ ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ የአጭር ምት ዱላን ፊት ስለሚይዝ ኳሱ ብዙ ይሽከረከራል፤ ጉድጓዱ ባለበት በታጨደው መስክ ላይም ሲያርፍ ቶሎ ይቆማል። ሻምፒዮኖቹ ገንዘብ የሚከፍሉት፣ ወይም የሚከፈላቸው፣ ለዚህ ጥቅም ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው ዓይነት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል።

ጀማሪው ግን ከዚህ ምን ያገኛል? ኳሱን በዱላው ፊት መካከል የሚመታው ከዐሥር አንድ ጊዜ ነው። ያንን ሽክርክሪት ለማምጣት በንጹሕ ምት መምታት ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ምት ደግሞ ገና የምንማረው ነገር ነው። ከዚህም ሌላ የዱላው ፊት ከሚወዛወዝበት አቅጣጫ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የኳሱ ሽክርክሪት ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የቀኝ እጅ ጀማሪ ኳስም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ቁጥቋጦ ይገባል። ሽክርክሪቱ ያነሰ ኳስ ይህን ጥፋት በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መድኀኒቱ ያለው ከክንዳችን ነው።

ስለ ልስላሴም ብዙ ይወራል። አንዱ ኳስ ለመጨመቅ ቀላል ነው፣ ሌላው ጠንካራ ነው ይባላል፤ ለዚህም ልክ ቍጥር ይሰጠዋል። ለስላሳው ኳስ ክንደ ደካማውን ያርቅለታል የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። በማሽን የተደረጉ ሙከራዎች ግን ለስላሳ ኳስ ፍጥነት እንደማይጨምር አሳይተዋል። ልስላሴ የእጅና የጆሮ ምቾት ነውና የሚመቸውን መምረጥ መልካም ነው፤ ለምቾቱ ግን እጥፍ ዋጋ መክፈል አያሻም። በኳሱ ላይ የታተመው ከ1 እስከ 4 ያለው ቍጥርም የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኳስ ሲይዙ እንዳይቀያየሩ የተደረገ መለያ ነው። እኛ በመጀመሪያ ባለ 1ዱን ኳስ ስንሻማ እንደ ነበር ብንነግራችሁ አትሣቁብን!

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያወጣነው ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሁለት ክፍል ያለውንና ልባሱ ጠንካራ የሆነውን ርካሽ ኳስ ምረጡ። የኳሱ ዋጋ ከአእምሮ ካልወጣ ክንድ ይፈራል፤ የፈራ ክንድም አይመታም። ሽማግሌው «ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ከመረጣችሁ በኋላ አትቀያይሩ። በላቦራቶሪ አንድን ነገር ስንመረምር የቀሩትን ሁሉ ሳይለወጡ እንይዛቸዋለን። ዛሬ በአንድ ዓይነት፣ ነገ በሌላ ዓይነት ኳስ የሚጫወት ጀማሪ ምቱ የረዘመው ወይም ያጠረው በራሱ ይሁን በኳሱ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ጥፋትን ለማረም አስቀድሞ የጥፋቱን ባለቤት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከሜዳ ተለቅሞ የሚሸጥ ኳስ አትናቁ። ልባሱ ያልተሰነጠቀ፣ ድቡልቡልነቱ ያልተበላሸ ከሆነ ለልምምድ በቂ ነው። በላዩ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባውን ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለሙ ስንጥቅ ሊሸፍን ይችላል።

አራተኛ፣ በኳሳችሁ ላይ የራሳችሁን ምልክት በቀለም ጻፉበት። ከ2019 ወዲህ ሕጉ ለፍለጋ የሚፈቅደው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ካልተገኘ አንድ ምት ተቀጥቶ ወደ ተመታበት ቦታ መመለስ ግድ ነው። ስለዚህ የሚታይ ቀለም መምረጥም ይጠቅማል፤ ብቻ በመስከረም አደይ አበባ በፈካበት ሜዳ ቢጫ ኳስ ይዞ የወጣ ሰው ራሱን ይውቀስ! ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነችም አየሩ ስስ ነው፤ ኳሱ ከቈላው ይልቅ ይርቃል። ለእኛ የጐደለን ርቀት ሳይሆን አቅጣጫ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጎልፍ የባለጸጋ ጨዋታ ነውን? መስኩ ሰፊ፣ መሣሪያው ውድ ስለሆነ ነው ቢባል አንክድም። ነገር ግን ታሪኩ እንደሚያሳየው በሩ ሰፋ ያለው የተሻለ ኳስ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ርካሽ ኳስ ሲወጣ ነው። አባቶቻችን በገና ዕለት ከእንጨት በተጠረበ ወይም ከጠፍር በተጐነጐነ ሩር ሲጫወቱ የሩሩን ዋጋ የጠየቀ አልነበረም፤ ጌታውም ሎሌውም በአንድ ሜዳ ይጋፋ ነበር። እኛ ስድስታችን ግን የሻምፒዮን ኳስ በመግዛታችን ገና ሳንጀምር አንድ ጓደኛችንን ከበሩ መለስነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነብን።

ስለዚህ ለስፖርት ክፍሉ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለሚመጣው ዓመት ጥቂት ውድ ኳሶች ከማስመጣት ይልቅ በዚያው ገንዘብ አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ርካሽ ኳሶች ይገዙ፤ ሁሉም የማኅበሩ ምልክት ይደረግባቸውና በአንድ ከረጢት ይቀመጡ። የጠፋው ኳስ በማንም ስም አይጻፍ። የሚማር ሰው ኳስ ማጥፋቱ እንደ ተማሪ ወረቀት ማበላሸት ይቈጠርለት።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ እናየዋለን። ስሙን አንጠራም። በፊታችሁ የምንነግረው ግን ያን ጊዜ ልንለው ሲገባን ያላልነውን ነው፤ ጥፋቱ የምትህ ሳይሆን የምርጫችን ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እንጠብቅሃለን፤ ከረጢቱም ሙሉ ነው።