በሠፈራችን ጥሩ በርገር ቤት ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)

ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ በርገር ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሬዲዮ ቀርቦ ስለ በርገር ሲናገር መስማት ፈገግ እንደሚያሰኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የሆድ ብቻ ሳይሆን የጤና፣ የገንዘብና የይሉኝታም ጭምር መሆኑን፥ ንግግሬን እስከ መጨረሻው ብትከታተሉልኝ የምትረዱልኝ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቤቱ ወጥቶ ልብላ ባለ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንችስን ወይም ቦሌን ነበር። የኮንዶሚኒየም ቤቶች መሠራት በ1990ዎቹ ማብቂያ መስፋፋት ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቱሉ ዲምቱ ተዛውረናል። ማታ በሠራተኞች አውቶቡስ፣ በታክሲ ወይም በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ደክመን ከተመለስን በኋላ፥ ልጆቻችንን ይዘን እንደገና ወደ መኻል ከተማ እንውጣ ብንል ጉልበቱም ጊዜውም አይፈቅድልንም። ስለዚህ ልጆቻችን በርገር ባሰኛቸው ጊዜ የምንሄደው ከሕንጻችን ሥር ወደሚገኘው ወይም ከአስፋልቱ ማዶ ወደ ተከፈተው ቤት ነው። ከእነዚህ ቤቶች የትኛው የሚታመን እንደ ሆነ እንዴት ልናውቅ እንችላለን? የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሴት ልጄ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ስለ ተዛወረች፥ ሽልማትሽ ምን ይሁን ብዬ ብጠይቃት በርገር ነው አለችኝ። ጊዜው በሐምሌ ወር የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን ነበር። እርስዋንና ታናሽ ወንድምዋን፣ እንዲሁም የጎረቤታችንን ልጅ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቶቻችን እስላሞች ስለ ሆኑ የልጅቱ እናት፥ «ሥጋው የማን እንደ ሆነ ጠይቅልኝ፤ አደራ» ብላኝ ነበር።

የመረጥሁት ቤት ከሁሉ ይልቅ መብራቱ የደመቀውን፣ ሰሌዳውም ትልቅ የሆነውን ነበር። አስተናጋጁን ሥጋው ከየት እንደ መጣ ብጠይቀው «ከሥጋ ቤት ነዋ» ብሎ ሣቀብኝ። የጎረቤቴ ልጅ የድንች ጥብስ ብቻ እንድትበላ አደረግሁ። ለልጆቼ የቀረበው በርገር ግን ሲገመስ ውስጡ ቀይና ቀዝቃዛ ነበር። መልሱና አብስሉልኝ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በአጠገባችን ብዙ ሰው ተቀምጦ ስለ ነበረና ምግብ የሚመልስ ሰው ጠበኛ ይመስላል ብዬ ስላፈርሁ ዝም አልሁ። በዚያው ሌሊት ታናሹ ልጄ ትኵሳትና ተቅማጥ ያዘው። ሦስት ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተመላለስን። ለሕመሙ ምክንያቱ ያ በርገር ነው ብዬ ለመመስከር አልችልም። ነገር ግን የልጄን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበረድሁ ባደርሁበት ሌሊት ሲቈጨኝ ያደረው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አይቼ ዝም ማለቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በጥሞና መመርመር የጀመርሁት። በርገር የሚለው ስም የመጣው ሐምቡርግ ከተባለችው የጀርመን የወደብ ከተማ ነው። ምግቡ በዓለም የታወቀው ግን በአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. አፕተን ሲንክሌር የተባለው ደራሲ በሥጋ ፋብሪካዎች የነበረውን ርኵሰት በልብ ወለድ መጽሐፍ ገልጦ ስለ ጻፈ፥ የአሜሪካ ሕዝብ ይልቁንም ከተፈጨ ሥጋ ሸሸ። በዚያው ዓመት የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ። በ1921 ዓ.ም. ዊቺታ በተባለችው ከተማ ዋይት ካስል የተባለ የበርገር ቤት ሲከፈት፥ ባለቤቶቹ ይህን የሕዝብ ፍርሃት ለማስወገድ ቤቱን ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ማብሰያውንም ከማይዝግ ብረት ሠርተው በላተኛው ሁሉ በሚያየው ስፍራ አኖሩት። አንዱን በርገር በ5 ሳንቲም ሸጡት። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። በርገር ቤት እምነትን ያገኘው በማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን፥ ሥራውን በሰው ዓይን ፊት በመሥራቱ ነው።

የተፈጨ ሥጋ ከሌላው ሥጋ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድር ነው? ምክንያቱ ይህ ነው። በሽታ የሚያመጡ ረቂቅ ተሐዋስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በሥጋው ገጽ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ቍራጭ ሥጋ በእሳት ላይ ሲጠበስ ገጹ ቶሎ ስለሚግል ይሞታሉ። ሥጋው ሲፈጭ ግን የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የብዙ ከብት ሥጋም አንድ ላይ ይደባለቃል። ስለዚህ በርገር ውጩ ጠቍሮ ሳለ ውስጡ ካልበሰለ አደጋው አልተወገደም ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ሳይበስል በተሸጠ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ታመው፥ 4 ሕፃናት ሞተዋል። የጤና ዐዋቂዎች የተፈጨ የከብት ሥጋ መኻሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ ይብሰል የሚሉት ስለዚህ ነው።

«እኛ ክትፎ ስንበላ ኖረን የለምን?» የሚል አድማጭ እንዳለ ይገባኛል። እውነት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ መብላትን ብቻ ሳይሆን ኮሶ መጠጣትንም አብረው እንዳወረሱን መዘንጋት አይገባም። ደግሞም ክትፎ ወዳዱ ሰው ሥጋውን የሚበላው በዚያው በታረደበትና በተከተፈበት ቀን ነው። በርገር ግን ተፈጭቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብቶ ሊቀርብ ይችላል። ልዩነቱም ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ በርገር ቤት ስትገቡ ልትመለከቷቸው የሚገቡትን ነገሮች በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ማብሰያውን ተመልከቱ። የሚጠብሰው ሰው ከሚታይበት ቤት ተቀመጡ። ጥሬውን ሥጋ የነካበትን እጁን ሳይታጠብ ዳቦውንና ሰላጣውን የሚያነሣ ከሆነ፥ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ተነሥታችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፤ ሥጋው መቼ እንደ ተፈጨ ጠይቁ። የተፈጨ ሥጋ በጥሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ሊቈይ አይገባውም። በሀገራችን ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጾም በተፈታ ሰሞን የቀረበላችሁ ሥጋ የዚያው ቀን ይሁን ወይም ከጾሙ በፊት የከረመ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚያደርጉትንም ጠይቁ። ሠፈሩ ሙሉ ቀን መብራት አጥቶ በዋለበት ማታ በርገር ባትበሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ሥጋው የማን እንደ ሆነ ይታወቅ። ቍርጥ የሚበላ ሰው ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ምልክቱን አይቶ ይገባል። የተፈጨ ሥጋ ግን አይናገርም። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ሆኖ በአንድ ሕንጻ በሚኖርበት ሠፈር፥ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ በግልጽ የሚናገር ቤት የሰውን ሃይማኖት የሚያከብር ቤት ነው። ይህን ያልደበቀ ሌላውንም አይደብቅም ብሎ ማሰብ ይቻላል።

አራተኛ፤ ስለ ጣዕሙ። ብዙ ሰዎች ጥሩ በርገር ከቀይ ሥጋ ብቻ የሚሠራ ይመስላቸዋል። ይህ ከክትፎ የመጣ አስተሳሰብ ነው። በርገር ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ጮማ ካልገባበት ሲጠበስ ይደርቃል። ጨውም ከሥጋው ጋር አስቀድሞ ከታሸ ሥጋውን ያጠነክረዋልና፥ ዐዋቂ ጠባሽ የሚነሰንሰው እሳት ላይ ሊያደርገው ሲል ነው። በሚጠበስበት ጊዜ በማገላበጫው ደጋግሞ የሚጫነው ካያችሁ፥ የሚጮኸው ድምፅ ደስ ቢልም ከሥጋው እየወጣ የሚቃጠለው ወዙ ነው። ዳቦው የዕለቱ ይሁን፤ የተከፈለው ገጹም በጥቂቱ ይጠበስ።

አምስተኛ፤ ስለ ዋጋው። ደመወዛችን ወር እስከ ወር ለማድረስ የምንታገል ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ማንሣት አያሳፍርም። ትልቅ ሳሕን፣ ብዙ ድንችና ከፍ ያለ ዳቦ ሥጋውን አያበዙትም። ሥጋው ስንት ግራም ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጥሬው 150 ግራም የነበረ ሲጠበስ ሩብ ያህሉን ያጣል። ግራሙን የሚያውቅ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ቤት ነው። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሊነግራችሁ የማይችል ርካሽ በርገር ግን ቍርጥራጭና የዳቦ ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለማወቅ በየቤቱ እየዞርን ገንዘባችንን እንጨርስ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እኔን የጠቀመኝ መንገድ አጭር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጧት ወደ ሠፈራችን ሥጋ ቤት ሄጄ ባለቤቱን፥ «ጋሼ፥ ከአንተ ዘንድ ሥጋ ገዝተው በርገር የሚሠሩት እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቢላዋውን እያፋጨ ጥቂት አሰበና፥ «የሚገዙኝ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ማታ መጥተው የተረፈውን ቍርጥራጭ በቅናሽ ይጠይቁኛል። አንዲት ሴት ግን በየጧቱ ከጎድኑና ከሻኛው ራስዋ መርጣ ትወስዳለች፤ በጾም ቀን አትመጣም» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገኝም።

የሴትዮዋ ቤት ከመንገድ ገባ ያለ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው፣ ሰሌዳውም የደበዘዘ ነው። ስንት ጊዜ በፊቱ አልፌ እንዳላየሁት ሳስበው ይገርመኛል። መጀመሪያ የሄድሁ ቀን ገና ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን፥ «ይቅርታ፥ የዛሬው ሥጋ አልቋል፤ ነገ ይምጡ» ብላ መለሰችኝ። ባዶ እጄን ብመለስም ደስ አለኝ። የሚያልቅ ሥጋ የማይከርም ሥጋ ነውና። በማግሥቱ ልጆቼን ይዤ ሄድሁ። ለልጆቹ ደኅና አድርጊና አብስዪልኝ ብላት ቅር አላላትም፤ አንዱን ገምሳ ውስጡን አሳየችኝ። ታናሹ ልጄ በመጀመሪያ ዐይኑን ወደ እኔ አነሣና «አባዬ፥ ይኸኛው ያማል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የተገመሰውን አሳይቼ «ይኸኛውን አባትህ አይቶታል» አልሁት። በላ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ለመጨረሻ ጊዜ የማሳስባችሁ ስለ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከክፉ ሥራ የሚጠብቅ መልካም ጠባይ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በልጅ ጤና ላይ ሲመጣ ስሙ ይሉኝታ ሳይሆን ቸልተኝነት ይሆናል። ያልበሰለ ምግብ በትሕትና መመለስ ባለቤቱን ማዋረድ አይደለም፤ እንዲያውም ቤቱ እንዲሻሻል መርዳት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት እንኳንስ በሌባ በምግብም ቢሆን አንርሳው። ደግሞም ደኅና የሚሠራ ቤት ስታገኙ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። ሰሌዳዋ የደበዘዘባት ሠራተኛ ያላት ማስታወቂያ የእናንተ አፍ ብቻ ነውና።