ትእዛዝ መፈጸም ብቻ አይበቃም፤ ስለ ሕፃናት ኵላሊትና ስለ ነርስ ዕውቀት የተደረገ ንግግር



ሐኪም መድኃኒት ያዛል፤ ፋርማሲው ያድላል፤ ወደ ሕፃኑ አፍና ደም ሥር የምታደርሰው ግን የነርስ እጅ ናት። ከርሷ በኋላ ስሕተት የሚያርም ሌላ እጅ የለም። ስለዚህ በመቐለ ላሉት ነርሶችም፥ ነገ ነርስ ለምንኾነው ለእኛም ትእዛዝ መፈጸም ብቻ አይበቃም እንላለን።

ኵላሊት ሲደክም ብዙ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ጤነኛውን ልጅ የሚያድነው መጠን በታመመው ልጅ ሰውነት እየተጠራቀመ መርዝ ይኾናል። ለዚህ ጄንታማይሲን ዋና ምሳሌ ነው፤ የሚወጣው በኵላሊት ነው፤ ሲበዛም ኵላሊትንና ጆሮን ይጐዳል። እንግዲህ የሽንቱ መጠንና የክሬያቲኒን ውጤት ሳይታይ የሚቀጥለው መርፌ መሰጠት የለበትም። ፉሮሴማይድም በደም ሥር በችኰላ ከተሰጠ መስማትን ሊያጠፋ ይችላል። ለትኵሳት ብለን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ብንሰጥ የደከመውን ኵላሊት የባሰ እንጐዳዋለን፤ ፓራሲታሞል ይሻላል።

አኹን ሒሳቡን እንይ። ፕሮቲን በሽንቱ እየፈሰሰ ፊቱና እግሩ የሚያብጥ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በፕሬድኒሶሎን ነው። መነሻው መጠን በቀን ለ1 ኪሎ 2 ሚሊግራም ኾኖ ከ60 ሚሊግራም አያልፍም። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 24 ሚሊግራም፥ ይኸውም ባለ5 ሚሊግራሙን ክኒን 5 ያህል ይወስዳል። ነገር ግን በእብጠቱ ውሃ ምክንያት ሚዛኑ 15 ኪሎ ቢያሳይስ? ያን ሳያስተውል ያሰላ ሰው 6 ክኒን ይሰጣል። እብጠቱም ሲጐድል እናቲቱ «ልጄ ዳነ» ብላ መድኃኒቱን በድንገት እንዳታቋርጥ፥ በሚገባት ቋንቋ፥ በትግርኛ፥ ማስረዳት የነርስ ሥራ ነው።

ዐይደር ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለትግራይና ለአጎራባች ክልሎች ሕሙማን መጠጊያ ኾኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን መድኃኒትና የኵላሊት እጥበት ዕቃ ዐጥሮት ነበር። እጥበት በማይገኝበት ቀን፥ የልጁን ኵላሊት ከተሳሳተ መድኃኒት መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ክብደትና ሽንት በየጠዋቱ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የሕፃናት መጠን ሰንጠረዥ በየክፍሉ ግድግዳ ይለጠፍ፤ ስሌቱንም ሁለት ነርሶች ይመልከቱት። መምህራኖቻችንም ይህን ሒሳብ በቃል ሳይኾን በሕፃኑ አልጋ አጠገብ ይፈትኑን። ሐኪሙን «ይህ መጠን ልክ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ግዴታችን ነው።