የመዝገብ ቤቱ ፊደል

በጉለሌም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ሁሉ፣ ከ25 ዓመት በፊት በኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ስትከፍቱ በአማርኛው ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሊገጥማችሁ ይችላል። ምክንያቱም የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የግእዙን ቅርጽ በላቲኑ ቍጥር ላይ ይጭኑ ነበር። ቦታው ከ256 የማይበልጥ ስለ ነበረም ለፊደላችን ጠበበ፤ እያንዳንዱ ሠሪም በየራሱ ሥርዓት ደለደለው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለየፊደላችን የራሱን ቍጥር ሰጠው፤ አሮጌው ሰነድ ግን በዚህ ብቻ አይድንም።

እኔ ኮምፒዩተር ወዳጅ ነኝ፤ ነገር ግን የባለጉዳይ የይዞታ ደብዳቤ ሳይነበብ ስለ አዲስ መሣሪያ መመጻደቅ አይጥመኝም። አሮጌው ማሽን ወደ ግምጃ ቤት ከመጣሉ በፊት ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ከታተመው ወረቀት ጋርም ቃል በቃል ይመሳከር። ለዚህ ሥራ ከአዲስ ግዢ አስቀድሞ ሁለት ጸሐፊዎች ቢመደቡ እመርጣለሁ።