የላፕቶፕ ስክሪንን ቀለም በሊኑክስ ላይ ስለ ማስተካከል



ፎቶግራፍ አንሺው በላፕቶፑ ላይ ለሰዓታት የደከመበት የሰው ፊት ከማተሚያ ቤት ቀልቶ ሲመለስለት አስቀድሞ የሚወቅሰው የማተሚያውን ሠራተኛ ነው። ወቀሳው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ እንደ ሆነ ግን ቀዩን የጨመረው ሳይታወቀው ራሱ ባለሙያው ነው። ዐይን ፊት ለፊቱ የዋለውን ነጭ ቶሎ ስለሚለምድ ለዚህ ነገር ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ዳኛው በስክሪኑ ላይ ተደግፎ ብርሃኑን የሚለካው ኮለሪሜትር ነው።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚምታቱ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ስክሪኑን ወደ ታወቀ ሁኔታ ማምጣት ሲሆን፣ ይኸውም ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን ወደ 2.2 ማቅረብ ነው። ሁለተኛው፣ ከተስተካከለ በኋላ ያለውን የስክሪኑን ጠባይ በፋይል መመዝገብ ነው። ፋይሉ ፕሮፋይል ይባላል፤ አሠራሩም በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሶርሺየም ያወጣውን ደንብ ይከተላል። የመጀመሪያው ሥራ ጥቅም ለፕሮግራሞች ሁሉ ይደርሳል፤ የሁለተኛው ግን ፋይሉን አንብበው ለሚሠሩት፣ እንደ ጊምፕ፣ ክሪታና ዳርክቴብል ላሉት ብቻ ነው።

በሊኑክስ ላይ ለልኬቱ የሚያገለግለው አርጂል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ ለሚከብደው ዲስፕሌይካል ያንኑ በመስኮት ያቀርብለታል። የግኖም ዴስክቶፕ መለኪያ ሳይኖርም ፕሮፋይል ሲያዘጋጅ ይታያል፤ ይህ ግን ፋብሪካው በስክሪኑ ውስጥ ያኖረውን ቃል እንዳለ መቀበል እንጂ ልኬት አይደለም።

ላፕቶፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባትሪ ላይ ሲሆን ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ማታ ሲሆን ስክሪኑን የሚያሞቀው የሌሊት ብርሃን ሊነሣ ይችላል። ሁለቱም አስቀድመው መዘጋት አለባቸው፤ አለዚያ ልኬቱ ከንቱ ነው። ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ከሞቀ በኋላ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 120 ካንዴላ ገደማ ላይ ይወሰንና ከዚያ ወዲያ አይነካም። መለኪያውም ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ነጭ ኤልኢዲ ይሁን ሌላ ሊነገረው ይገባል። ከሁሉ የሚከብደው ነጩ ነው። የጠረጴዛ ሞኒተር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያስተካክል ቁልፍ ሲኖረው፣ በአብዛኛው ላፕቶፕ ይህ ስለሌለ እርማቱ የሚፈጸመው በግራፊክስ ካርዱ ሠንጠረዥ ሰማያዊውን በመቀነስ ነው። ቅነሳው ሲበዛ ለስላሳ የነበረው የሰማይ ቀለም በመስመር በመስመር ይቆራረጣል። ስለዚህ እጅግ ሰማያዊ በሆነ ስክሪን ላይ 6500ን በግድ ከመፈለግ ነጩን በመጠኑ አርሞ መተው የተሻለ ነው።

ርካሽ ስክሪን ብዙውን ጊዜ በ1996 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኤስአርጂቢ የቀለም ክልል የሚያሳየው ከሁለት ሦስተኛው የማይበልጠውን ነው። ልኬት ይህን አያሰፋውም፤ የጎደለውን ቀይ ከየትም አያመጣም። ባለሙያው ግን የትኛውን ቀለም በዐይኑ፣ የትኛውን በቁጥር እንደሚዳኝ ከፕሮፋይሉ ይረዳል።

በቀድሞው ኤክስ 11 የመለኪያው ፕሮግራም የካርዱን ሠንጠረዥ በቀጥታ ይሞላ ነበር። ዌይላንድ ይህን ለተራ ፕሮግራም አይፈቅድም፤ የቀለም አስተዳደር ፕሮቶኮሉ ከደንቦቹ ጋር የተጨመረውም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያው አዲሱን ደንብ ያልያዘ ዴስክቶፕ ያለው ባልደረባ፣ የሚለካውም የሚሠራውም በአንዱ ላይ ብቻ ቢሆን ይሻላል።