ብረትም ይደክማል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አረፋማ አሉሚኒየም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ሰፍነግ አየር የቋጠረው ቀላል ብረት፣ ጭነት ሲመላለስበት የሚያሳየው ጠባይ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ብጀምር እመርጣለሁ።

ምናለሽ ተራ ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው በርሜል ምድጃ፣ ያረጀውም ጎማ ጫማ የሚሆንበት ስፍራ ነው። ባለ እጅን መናቅ የቆየ የአገራችን በሽታ ስለ ሆነ፣ እኔ ከዚያ ወገን አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ድስት ቢሰነጠቅ ወጥ ይፈሳል እንጂ ሰው አይሞትም። የሚያሳስበኝ፣ ያገለገለ ባሌስትራ ወይም ከቁርጥራጭ የቀለጠ የአሉሚኒየም ዕቃ ጭነት ተሸካሚ ሆኖ ወደ መኪና ሲመለስ ነው።

ድካም ስንል፣ ብረቱ በአንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው ያነሰ ጭነት እየተመላለሰበት ጥቃቅን ስንጥቅ መፍጠሩ፣ ስንጥቁም ቀስ በቀስ አድጎ ብረቱን በድንገት መስበሩ ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር ይህን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በባቡር ዘንጎች ላይ መርምሮ አስረድቷል። ትምህርቱ ግን በቀላሉ አልዘለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ኮሜት አውሮፕላኖች በአየር ላይ የተበታተኑት በዚሁ ምክንያት ነበር። አንድ የጭነት መኪና በየ10 ሜትሩ አንዴ ቢነጥር፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ ባሌስትራው 100,000 ጊዜ ይታጠፋል። ይህ ሁሉ በላዩ ተጽፎ አይታይም፤ ሻጩም ገዢውም አያውቁትም። የአረብ ብረት ድካም የማይነካው የጭነት ወሰን አለው፤ አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም።

ቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጠው ይህ ብረት ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ሲረጋም መልሶ ስለሚተፋው በውስጡ ቀዳዳ ይቀራል። ስንጥቅም መነሻው ብዙውን ጊዜ ያ ቀዳዳ ነው። አረፋማውን አሉሚኒየም የሚሠሩት ሰዎች ይህንኑ ጉድለት ሆን ብለው ይፈጥሩታል። ቅላጩን በካልሲየም አወፍረው የታይታኒየም ሃይድራይድ ዱቄት ሲጨምሩበት ጋዝ ያነፋዋል፤ ክብደቱም እስከ ድፍኑ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ይህ አረፋ በተደጋጋሚ ሲጨመቅ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ ከዚያ የአንድ ረድፍ ግድግዳዎች ይሰነጠቁና ዕቃው በፍጥነት ማጠር ይጀምራል። ሲሳብ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በሁለት ላሜራ መካከል እንደ ሙሌት ወይም ግጭትን እንዲያበርድ ይጠቀሙበታል፤ ዕድሜውንም በሙከራ ይለካሉ። በኮርጆ ማቅለጫ የተቀዳው ዕቃ ግን ቀዳዳው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በመዶሻ ተመትቶ ወይም ከባድ ዕቃ ተጭኖበት አለመሰበሩ ለዛሬ እንጂ ለሚመላለስ ጭነት ማስረጃ አይሆንም። የተሰበረ ባሌስትራ መበየድም እንደዚሁ ነው፤ ሙቀቱ ከብየዳው አጠገብ ያለውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል።

ለባለ እጆቹ ልናስተምር የምንችለው ርካሽ ዘዴ አለ። ብረቱን በደንብ አጽድቶ ላምባ መቀባት፣ ጥቂት ቆይቶ መጥረግ፣ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው። ከላይ የተከፈተ ስንጥቅ ካለ ላምባው ተመልሶ ይወጣና በነጩ ላይ ጥቁር መሥመር ይሠራል። በሆድ ዕቃው የተደበቀውን ቀዳዳ አያሳይም፤ መሥመር የታየበትን ባሌስትራ ግን የዓባይን ቁልቁለት ከሚወርድ መኪና ሥር አውጥቶ ለማረሻ ማዋል ይቻላል።