ከዜማ ወደ መስመር

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጥበብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ክበባችሁ በዚህ ጉባኤ ተገኝተን ስለ ሥራችን እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ደስ ብሎናል፤ ፈርተናልም። እኛ ቀኑን ሙሉ አንገታችንን ደፍተን የምንውል፣ ንግግር ያልለመድን ሁለት የመጻሕፍት ሥዕል ሠሪዎች ነን። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠን መሥራት ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ስለዚህ ዛሬ «እኛ» የምንለው ለማዕርግ ሳይሆን በእርግጥ ሁለት ስለ ሆንን ነው። አንዳችን እንናገራለን፤ ሌላው እዚያ ከኋላ ተቀምጦ ስሕተት የሰማ እንደ ሆነ ራሱን ይነቀንቃል።

የተሰጠን ርእስ «ሠዓሊ ሐሳቡን ከየት ያገኛል?» የሚል ነው። ስለ ምንጩ ሁሉ እንናገር ያልን እንደ ሆነ ስለ አንዱም ሳንናገር ይመሻል። ስለዚህ ከምናውቃቸው ምንጮች አንዱን፣ ሙዚቃን ብቻ እንይዛለን።

በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል የሚሠራ ሰው ልቡ የወደደውን ይሥላል። የመጽሐፍ ሥዕል ሠሪ ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ ይሰጠዋል። የገጹ ስፋት፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የማስረከቢያው ቀን ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። እንግዲህ እንዲህ በታሰረ ሥራ ውስጥ ሙዚቃ በየት በኩል ይገባል? ብዙ ሰዎች ይህንን ሲጠይቁን መልሳችን ከአንድ ካሳፈረን ሥራ ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሳታሚ የልብ ወለድ መጽሐፍ ሰጠን። ከታሪኩ መካከል ልጇ በሩቅ አገር የሞተባት እናት መርዶ ከተነገራት በኋላ በደጅዋ የሚደረግ ለቅሶ ነበረበት። እኛም አሥር ሴቶች ሣልን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ፣ እጃቸውን በራሳቸው ላይ የጫኑ፣ አፋቸውን የከፈቱ ናቸው። በእውነቱ ከሆነ በጊዜው ኰርተንበት ነበር። አሳታሚው ጥቂት ተመልክቶ «ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም» ብሎ መለሰልን። እንባ ጨምረን፣ አፋቸውን አስፍተን ወሰድንለት። ሁለተኛም መለሰው። ለማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ ቀብዱንም በልተነዋል።

በዚህን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ለምን አንሰማም የሚል ሐሳብ አመጣ። የለቅሶ ዜማና በገና የተቀረጸበትን ሁሉ ሰብስበን ሌሊቱን በሙሉ እየሰማን ሣልን። እጃችን እንደዚያ ሌሊት ተፈትቶ አያውቅም። አንዱ ሲሥል ሌላው እያየ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ገና ሳይነጋ ሥራው አለቀ ብለን ተኛን። ጧት ተነሥተን፣ ሙዚቃው ሳይኖር፣ ሥዕሉን ስናየው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ያለቀሰልን ዜማው እንጂ ወረቀቱ አልነበረም! ሌሊቱን ሙሉ የራሳችን ያልሆነ ስሜት ተበድረን ኖረን ሳናውቀው በሥዕሉ ስም ተቀብለነዋል።

ከእናንተ መካከል ሙዚቃ ከፍታችሁ የምትሥሉ ብዙ እንደምትኖሩ ስለምንገምት ይህን በተለይ እንነግራችኋለን። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ደንብ አለን። እየሰማን እንሥላለን፤ ስንፈርድ ግን በዝምታ ነው። በሌሊት የተሠራ ሥዕል ጧት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳይታይ ከቤት አይወጣም። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን ሙዚቃ የእጅን ፍርሃት ከማስወገድ በቀር ለሥዕል የሚሰጠው ነገር የለም ይላል። በዚህ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። ዛሬም የምንስማማ አይመስለንም።

በክርክሩ ምክንያት ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ለመመርመር ተገደድን። ካንዲንስኪ የተባለው የመስኮብ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1911 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ የሾንበርግን ሙዚቃ በአዳራሽ ሰምቶ ወጣ። ወዲያው «ኮንሰርት» የሚባለውን ሥዕል ሠራ። በሥዕሉ ላይ ከትልቁ ፒያኖ የቀረ አንድ ጥቁር ቅርጽ አለ፤ የሰሚዎቹም ራስ በጥቂት መስመር ይታያል። ከዚያ በተረፈ ሸራውን የሞላው ብጫ ቀለም ነው። ያ ሁሉ ብጫ ከአዳራሹ ግድግዳ የተቀዳ አይመስለንም፤ ከጆሮ የመጣ ነው። ፓውል ክሌ ደግሞ አባቱ የሙዚቃ መምህር፣ እናቱ ዘፋኝ ነበሩ። እርሱም ገና ተማሪ ሳለ በበርን ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ይመታ ነበር። ይህ ሰው ሥዕልን መርጦ ሲወጣ ቫዮሊን እየሣለ አልኖረም። «ቀይ ፉግ» በተባለው የ1921 ዓ.ም. ሥራው አንዱን ቅርጽ ከጨለማ ጀምሮ እየደጋገመ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። አንዱ ዜማ ተነሥቶ ሌላው እንደሚከተለው ማለት ነው። እርሱ ከሙዚቃ የወሰደው ስሜቱን ሳይሆን አሠራሩን ይመስለናል።

ለእኛ ሞያ ቅርብ የሆነው ግን አሜሪካዊው ዴቪድ ስቶን ማርቲን ነው። ይህ ሰው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የጃዝ ሸክላዎችን ሽፋን በመቶ የሚቆጠር ሥሏል። የቻርሊ ፓርከርና የቢሊ ሆሊዴይ ሸክላዎች ከእነርሱ መካከል ናቸው። የብዕሩ መስመር አንድ ጊዜ ይወፍራል፣ አንድ ጊዜ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፤ በድንገት አንድ የቀለም ጠብታ ይወድቅና እንደገና ይሄዳል። ዳራውን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይተወዋል። ለዚህች በማባዣ መኪና ለምትወጣው ጋዜጣችሁ የምትሥሉ ሰዎች ሥራውን ፈልጋችሁ ብታዩ ትጠቀማላችሁ። ስቴንስል ላይ ጥላ ማብዛት ወረቀቱን ከመቅደድ በቀር ምንም እንደማያተርፍ የምታውቁት ነው። በአንድ መስመር ብቻ መናገር ግን ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት ለማግኘት እስከ ሙኒክና እስከ ኒውዮርክ መሄዳችን አሁን ያስቀናል። እቤታችን ያለውን አላየነውም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ስማቸው ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ ድፋት፣ ይዘት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን እንዳዘጋጁት ይነገራል። እነዚህ ስሞች ድምፅ እንዴት እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ብዕር የያዘ ሰው ሲሰማቸው የእጁ ሥራ ይመስሉታል። መድፋት፣ መያዝ፣ ማስኬድ፣ መቁረጥ፣ መጫር! አንድ የድጓ ገጽ ብትመለከቱ ከቃሉ በላይ ትንንሾቹ ምልክቶች ተሰልፈው ድምፁን ይመሩታል። ይህ ዜማን በመስመር መጻፍ አይደለምን?

ከዚህ በመነሣት አንድ ልምምድ አበጀን። የቅኝቶቻችን የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ መሠረት አምስት አምስት ድምፅ ነው። እኛም ለአንድ ሥዕል አምስት ዐይነት መስመር ብቻ እንፈቅዳለን፤ ስድስተኛ ከመጣ ያን ወረቀት እንጥለዋለን። ከዚያም መሣሪያዎቹን በየተራ እንሰማለን። ማሲንቆ አንድ ጅማት ስለ ሆነ ብዕሩ ከወረቀቱ ሳይነሣ ይሄዳል። ክራር ሲመታ ነጥብ ነጥብ ይላል። ዋሽንት እስትንፋስ ነው፤ ለእርሱ በውኃ የቀጠነ ቀለም እንጠቀማለን። በገና ግን አስቸግሮን ነበር። ከዐሥሩ ጅማቶችና ጅማቶቹ ከሚያርፉበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባ ድምፁ ነዝሮ ነዝሮ ይወጣል። ጥርት ያለ መስመር ይህን አይናገርም። በመጨረሻ ቀለሙ ሊያልቅበት በቀረበ ደረቅ ቡሩሽ ስንሠራ ዳርቻው የሻከረ፣ የሚንቀጠቀጥ መስመር አገኘን። ለዚህ ብቻ አርባ ያህል ወረቀት አበላሽተናል፤ ወረቀት ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ይህ ሁሉ እጃችንን አሠለጠነው እንጂ የለቅሶውን ሥዕል አልፈታውም። በዚያው ሰሞን የአንዳችን አክስት ዐረፉ። ለቅሶ ተቀመጥን። አልቃሿ ግጥም ስታወርድ፣ ሴቶቹ ሲቀበሉ፣ ከእኛ አንዱ የዜማውን ምት በጣቱ በጉልበቱ ላይ ሲቈጥርና የአልቃሿን የትከሻ መስመር በዐይኑ ሲለካ ራሱን ያዘ። የገዛ አክስቱ ናቸው! ያሳደጉት ናቸው። ሌላው አይቶት ነበር። በመንገድ ሳንነጋገር ሄድን፤ ለሁለት ቀንም ወደ ሥራ አልገባንም። ይህን የምንነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ብለን አይደለም። ሐሳብ ከየት ይገኛል ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁን ከእንዲህ ዐይነቱም ቦታ እንደሚገኝ ሳንነግራችሁ ብንሄድ ስለምንዋሻችሁ ነው። ከሰው ሐዘን ላይ መስመር መውሰድ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? አንዳችን አይገባም እንላለን፤ አንዳችን ደግሞ ተወሰደም አልተወሰደም ዐይን አይዘጋም እንላለን።

በሦስተኛው ቀን፣ ለአክስታችን ጸሎት በሄድንበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን የቅዱስ ያሬድን ሥዕል አየነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙትን ጦር በእግሩ ላይ ተከሉት። ዜማው እስኪፈጸም ድረስ አንዳቸውም አላወቁም። ሠዓሊዎቻችን ይህንን በየቤተ ክርስቲያኑ ሥለውታል፤ ወፎቹም፣ ጸናጽሉም፣ መቋሚያውም አለ። በዚያን ቀን ግን እኛ ያየነው እግሩን ነው። ያ የጥንት ሠዓሊ ድምፅ በቀለም አይሣልም ብሎ አልተቸገረም። የዘማሪውን አፍ ማስፋትም አላስፈለገውም። ጦሩን አሳየ፣ ደሙን አሳየ፣ ከዚያም ያላመመውን ፊት አሳየ። ዜማው ምን ያህል እንደ ሆነ በዚያ መካከል እንሰማዋለን። ለካ እኛ አልቃሾችን ስንሥል ሰሚዎቹን ረስተናቸው ኖሯል።

ወደ ቤት ገብተን አሥሩን ሴቶች አነሣናቸው። በደጁ ላይ የሴቶቹን ጀርባ ብቻ፣ በደረቁ ቡሩሽ፣ በሩቅ አስቀመጥን። በፊት ለፊት አንዲት የሰባት ዓመት ያህል ልጅ አቆምን። ለለቅሶተኛው ውኃ እንድታቀርብ ተልካ በመንገድ የቆመች ናት። ማሰሮው በእጅዋ ዘንበል ብሏል፤ ውኃው በቀሚስዋና በእግርዋ ላይ ይፈሳል። እርስዋ ወደ ሴቶቹ ዞራለች። ፊትዋ አይታይም፤ ጆሮዋና የአንገትዋ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ለዚያች አንገት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅተናል። በዚያ ቀን ምንም ሙዚቃ አልከፈትንም።

አሳታሚው ወረቀቱን ይዞ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ይቺ ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ የለችም» አለን። እውነቱን ነው፤ አልነበረችም። ደራሲውን አማክሮ ይመልስልን ዘንድ ሳምንት ጠበቅን። ደራሲው ሥዕሉን ካየ በኋላ ስለ ልጅቱ ሁለት መስመር ጽፎ በምዕራፉ ላይ ጨመረ። መጽሐፉ ሲታተም ቀለሙ ጠቍሮ የደረቁ ቡሩሽ መንቀጥቀጥ ግማሹ ጠፍቷል፤ ውኃው ግን ደኅና ወጥቷል።

ዋናውን ሥዕል ይዘነው መጥተናል። ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፋችሁ ተመልከቱት፤ ብቻ ዳርቻውን እንጂ መካከሉን አትንኩ። ጓደኛችን ከኋላ ሦስት ጊዜ ራሱን ሲነቀንቅ አይተነዋል፤ እንግዲህ እርሱም ወደ ፊት ይምጣና ጥያቄያችሁን አብረን እንቀበላለን።